ዮሴፍ የተሸጠበት ሳምንት

ልጅ ሳለሁ ዓርብ በእኛ ቤት ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ይመሽ ነበር። የጉለሌ ጎረቤቶቻችን ገና ለእራት እሳት ሲያያይዙ እናቴ የእኛን ፍም ውኃ ትረጭበታለች፤ ቅዳሜ ሰንበታችን ነው፤ ሲገባ በቤታችን እሳት አይታይም። ያ የእርጥብ አመድ ሽታ ዛሬም ድንገት ከሸተተኝ ዓርብ ማታ ይመስለኛል። አባባ የምንላቸው ሸማኔው አያቴ ከመሥሪያቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ የመስኮቱ ብርሃን ሳያልቅባቸው ኦሪቱን ይከፍታሉ።

ኦሪት በየሳምንቱ ተከፋፍሎ ነው የሚነበበው። አባባ የሳምንቱን ምንባብ በግዕዝ እያነበቡ ለእኛ ለልጆቹ በአማርኛ ያወሩልናል፤ መስኮቱ ሲጨልም ፊደሉን ትተው በቃላቸው ይቀጥላሉ። ያኔ ነበር ወሬያቸው የሚጥመው። ልብ የሚያንጠለጥልበት ቦታ ሲደርሱ ግን መጽሐፉን ክድን አድርገው «የቀረው ለሳምንት» ይላሉ፤ ብንለምናቸው ወይ ፍንክች። ከዚያ የሳምንቱን ሥራ ይሰጡናል። አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለበት ሳምንት ከሆነ፣ ደጃችን የመጣ ሰው ውኃ ሳይጠጣ አይሄድም። ወንድሞቹ ዮሴፍን ጉድጓድ ጥለው በሸጡበት ዓርብ ደግሞ «እስከሚቀጥለው ሰንበት አንዳችሁም አንዳችሁን እንዳትክዱ፤ ሥራችሁ ይኸው ነው» አሉን። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ምንባቡን ስንሰማ ከአጠገቤ የምትቀመጠው የጎረቤታችን ልጅ ዝናሽ ነበረች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ ነበርን፤ እዚያ ግን ስለ ሰንበታችን ትንፍሽ አንልም፤ እምነታችን የቤት ውስጥ ምስጢር ነበር።

ይህን በሰማን በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ አንዲት የክፍላችን ልጅ ምሳዋን እየበላች ሆዷን ይዛ ወደቀች። አጠገቧ ዝናሽ ነበረች። ያኔ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ሰውን በዓይኑ የሚበላ የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ።

«ቡዳ ናት! በልታት ነው!» አለ አንዱ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ዘመዷ ነሽ እንዴ?»

«እኔ? ኧረ አላውቃትም» አልኩ። «እናቷ ግን ሸክላ ሠሪ ናት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ከራሴ ነው የጨመርኩት። ዝናሽ እያየችኝ ደብተሬን ሰብስቤ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። የታመመችው ልጅ በማግስቱ ድና መጣች። ዝናሽ አልመጣችም።

ዓርብ አባባ ባዶ ቦታዋን አዩ።

«ዝናሽ የት አለች? ሂጂ ጥሪያት እንጂ! ዮሴፍን እንደተሸጠ ትታው አይደል የሄደችው፤ የቀረውን ትስማ።»

ወደ ቤቷ ሄድኩ። ዝናሽ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ሰንበት ሳይገባ የእናቷን ድስቶች አንድ በአንድ ወደ ቤት ታስገባለች። አንድ ጊዜ ስሟን ብጠራ ይበቃ ነበር። ከአጥሩ ተመለስኩ።

«አሟታል» አልኳቸው።

አባባ አመኑኝ። በማግስቱ ለታመሙ ሲጸልዩ ስሟን ጠሩ፤ ቤቱን የሞላው ሰው አሜን አለ፤ እኔም አሜን አልኩ። የዮሴፍን ቀሚስ በደም ነክረው ለአባታቸው ያመጡት ወንድሞች ያኔ ምን ፊት እንደነበራቸው ሌሎች ይገምታሉ። እኔ አውቀዋለሁ።

አባባ ሊጠይቋት ሲሄዱ አለቀልኝ ብዬ ጠበቅኩ። ዝናሽ ግን «አዎ፣ አሞኝ ነበር» ብላቸው ነበር። ውሸቴን ተሸከመችልኝ፤ ቤታችንን ግን ዳግመኛ አልረገጠችም።

ዮሴፍ ለወንድሞቹ ራሱን የሚገልጥበት ምንባብ እስኪደርስ ጥቂት ሳምንት ይቀር ነበር፤ ከዚያ በፊት ለአባባ እናገራለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ያ ዓርብ መጣ። በጨለማው ውስጥ አባባ «እኔ ዮሴፍ ነኝ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ እኔ ደግሞ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አንጀቴ የራራ መስሏቸው ራሴን ዳበሱኝ። አልነገርኳቸውም። ሳይሰሙ ሞቱ። ዝናሽም ትምህርቷን በዚያው ተወች።

ዛሬ በየሳምንቱ ለልጆች ኦሪት የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሰው ይስቃል ቢሰማ። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ያው ምንባብ ሊደርስ ሲል፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ካለው መንገድ ዳር ድስት ልገዛ ጎንበስ አልኩ። ሻጯን ያወቅኳት በእጆቿ ነው፤ ቁርጥ የእናቷን እጅ።

«ዝናሽ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ገና ከታክሲ ስትወርጂ ነው ያወቅኩሽ።»

የመረጥኩትን ድስት በጣቷ አንኳኩታ አዳመጠችው፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«ይሄ ስንጥቅ አለው፤ ያኛውን ውሰጂ» አለችኝ።

የተሰነጠቀውን ብትሸጥልኝ ይቀለኝ ነበር። ዮሴፍ ለወንድሞቹ ራሱን ሲገልጥ ልቅሶው እስከ ውጭ ተሰምቷል፤ ዝናሽ አላለቀሰችም። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ድስቱን በጋዜጣ ጠቅልላ አቀበለችኝና ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረች። እኔም ቆሜ መጠበቅ ስችል ሄድኩ።

በዚያ ዓርብ ወንድሞቹ ዮሴፍን እንዴት እንደሸጡት ለልጆቹ አወራሁላቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች።

«በኋላ ይቅርታ ጠየቁት?» አለች።

«የቀረው ለሳምንት» አልኳት።