ለሽማግሌዎቹ ያላልኳቸው

ልጄ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ታሞ ቤት ገባ። ማንም በሌለበት ድምፅ ይሰማ ነበር። ጠበል ወሰድኩት። ሐኪም ቤትም ወሰድኩት፤ ስኪዞፍሬንያ ነው አሉኝ። ዛሬ መድኃኒቱን እየዋጠ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ይሸጣል። ለዚህ እግዚአብሔርን በየቀኑ አመሰግናለሁ።

የባለቤቴን ታላቅ እህት ግን ይቅር አላልኳትም። ልጄ በታመመበት ዓመት ለእህቱ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። የሙሽራው ወገኖች እንደ ደንቡ አጥንት ሊያጣሩ ወደ እርሷ ሄዱ። «በሽታው ከእናትየው ወገን ነው፤ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። የዚያ ሙሽራ ቤት በዊንጌት መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ሴት ልጄ በደጁ ላለማለፍ አንድ ፌርማታ ቀድማ ከታክሲ እየወረደች በእግሯ ትዞር ነበር።

«እትዬ፣ ምን አደረግኩሽ?» አልኳት።

«የማውቀውን ነው የተናገርኩት። ለመሆኑ አንቺ ስትዳሪ ማን አጣራ?» ብላ ሳቀች።

ቆይቶ ሐኪሙ እኔንና ባለቤቴን አስጠራን። በሁለታችንም ወገን በአእምሮ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀን፤ ወላጆቻችንንና አያቶቻችንን ወረቀት ላይ በክብና በአራት ማዕዘን ይስል ጀመር። እኔ አጥንት የሚቆጥር መሰለኝ።

«በእኔ በኩል ንጹሕ ነው» አልኩ ፈጥኜ።

ባለቤቴ አቀረቀረ። ገዳም ገባ የተባለው አጎቱ ጓሮ ባለች ክፍል ታስሮ እንደሞተ፣ ምግብ የምታቀብለውም ይህችው እህቱ እንደነበረች ያን ቀን ተናገረ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «እናቴ፣ ጥፋተኛ እየፈለግን አይደለም። ከእናትም ከአባትም የሚወረሱ ብዙ ጥቃቅን ነገሮች ተደምረው፣ ሌላም ነገር ታክሎበት ነው የሚመጣው። የታመመ ዘመድ ካላቸው ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ በዚህ በሽታ አይያዙም።»

ባለፈው ጥር ለእትዬ ልጅ ሽማግሌ ተላከ። ሊያጣሩ የመጡት እኔ ቤት ነበር።

«እህቴ፣ እርስዎ ገብተው ኖረዋል፤ ወገኑ እንዴት ነው?» አሉኝ።

ስለ አጎትየው ነገርኳቸው። የታሰረባት ክፍል በየት በኩል እንደነበረች ሳይቀር። አንደኛው ሽማግሌ «ልጅቷንስ ያሰጋታል?» ሲለኝ፣ የሐኪሙን የመጨረሻ ቃል አፌ ውስጥ ያዝኩት።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ።

ተመራርቀን ተለያየን። እነሱም ወደ እትዬ ቤት አልተመለሱም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። መቶ ስግደት ሰጡኝ፤ «ያስቀረሽውንም ሄደሽ ንገሪ» አሉኝ። ስግደቱን ጨርሻለሁ። ልጅቷ ምንም አልበደለችኝም፤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ተከናንባ አልፋኝ ሄደች። ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ። ግን መጀመሪያ እትዬ ደጄ ትምጣ። ሴት ልጄ እየሰማች፣ ያንን ታስሮ የሞተውን የራሷን አጎት በስሙ ትጥራው።