ዝናብ፣ ሃሞክና የወደፊት አማቴ

ዛሬ ከሰዓት የእጮኛዬ አባት አያ ሰይድ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ሁለት ግራር መሃል ተንጠልጥዬ፣ እንደታጠበ ጋቢ ውሃ ሳንጠባጥብ አገኙኝ።

የተንጠለጠልኩት ሃሞክ በምትባል የጨርቅ አልጋ ላይ ነው። ከላይ ሸራ ወጥሬያለሁ። ዝናቡ ግን ከግንዱ በገመዱ እየተንሸራተተ ጀርባዬ ስር ይገባል።

አያ ሰይድ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ትንሽ አዩኝና «ልጄን የምታኖራት እዚህ ውስጥ ነው?» አሉ።

«የለም አያ፣ ይቺ ለመዝናኛ ናት» አልኩ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

«አብሽር» ብለው የእኔኑ ሽርጥ ጫፍ ቀደዱ። ብጣሹን ሸራው ስር፣ ከአልጋዋ ስንዝር ራቅ አድርገው፣ ጫፉ ወደ ታች እንዲንጠለጠል ገመዱ ላይ አሰሩት። በሌላውም በኩል እንዲሁ። ውሃው ጨርቁ ጋ ሲደርስ ወደ መሬት ይንጠባጠብ ጀመር።

የኮሌጅ ምሩቅ ነኝ፣ ይታወቅልኝ።

ከዚያ «እስቲ ውረድ፣ ልሞክራት» አሉ። አልጋዋን ጨምቀው፣ ቡልኳቸውን አንጥፈው ወጡባት። ዝናቡ እስኪያባራ እሳቸው ሲያንኮራፉ እኔ ጃንጥላቸውን ይዤ ቆምኩ።

ሲነቁ «ጥሎሹ ላይ እንዲህ ያለች አንድ ጨምርበት» አሉኝ።

እናንተስ አማታችሁ ፊት በምን ተዋረዳችሁ? ብቻዬን አታስቀሩኝ።