ደረት የሚገፋ ቃል

በሆስፒታሉ በር የአንዲት አሮጊት የጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ሲጎተት፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው የሴት ሹራብ የያዘ ከረጢቱን አስቀምጦ ተንበረከከ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ደጋግሞ ሞክሮ አሰረላት።

«ተባረክ ልጄ» አለችው።

የሸሚዙ ቁልፎች ተዛንፈዋል፤ ሲቆልፍለት የኖረ ሰው ዛሬ አጠገቡ እንደሌለ ያሳብቃሉ። ተነስቶ ሲራመድ ተንገዳገደ። ወጣቱ ጥበቃ ደረቱን ገፋው።

«በጠዋቱ ጨልጠህ መጣህ ጋሼ? ሲበርድልህ ተመለስ!»

ተሰላፊው ሳቀ።

«በሽታ ነው ልጄ» አለ ሰውየው፣ ቃሉ እየተጎተተ። «የሰከሩት እጄና ምላሴ ናቸው። ሚስቴ አሁን ለቀዶ ጥገና ልትገባ ነው፤ ሳታየኝ እንዳትገባ።»

«ሰካራም ደግሞ መቼ ሰከርኩ ብሎ ያውቃል!»

ሰልፉ ውስጥ እንደቆምኩ ደሜ ፈላ። «ቅድመ ግምት» የሚለውን ቃል መጽሐፍ ላይ ሳገኘው፣ ሰው ሳያይ በሐሳቡ የሚይዘው ነገር ነው ብዬ በቀላሉ አልፌው ነበር። እዚህ በር ላይ ግን ደረት የሚገፋ እጅ፣ የሚስቅ ጥርስ አለው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ! ፈጣሪ እንኳ ለፍርድ ሳይቸኩልብን እኛ ማን ሆነን ነው የምንቸኩለው?

ሰውየው ግን አልተቆጣም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ አንገቱን ደፋ።

«እባክሽ እህቴ፣ አፌን አሽትተሽ ንገሪልኝ።»