በአማቴ ደጅ በብስክሌት

ብስክሌት መንዳት የጀመርኩት ልጆቼ ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። ዲላ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ጉልበቴ አላስቆም አላስቀምጥ ሲለኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሙም «ብስክሌት ብትሞክሪስ?» አለኝ። ምናልባት እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። እኔ ግን ሞክሪ ከተባልኩ የማልመለስ ሴት ነኝ። ከሐዋሳ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ የመጣ፣ ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ ብዙ የሆነ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዛሁ። እኛ ትምህርት ቤት ያለ ወጣት የስፖርት መምህር አሠልጣኜ ሆነ። የመጀመሪያውን ክረምት ሰው ጓሮ እየገባሁ እንሰት ላይ ስወድቅ ከረምኩ። ለወዳቂ እንሰት የመሰለ ነገር የለም፤ ግንዱም ቅጠሉም ይራራል።

ባለቤቴ አልተቃወመም። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፦ «እባክሽ፣ እናቴ እንዳታይሽ።»

አማቴ የሚኖሩት ከወናጎ በላይ፣ ከቱቱ ፈላ ሸንተረር ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። እሳቸው ጌዴኦ ናቸው፤ እኔ አያቶቼ ከሰሜን መጥተው ዲላ የቀሩ የከተማ ልጅ ነኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ተጣልቼ እገላገል ነበር። የአማቴ ችግር አክብሮታቸው ነው። ሴት ልጆቻቸውን «ውሃ ቅጂ! እንጨት አምጪ! ምን ያስቆምሻል?» እያሉ ሲያዟቸው ይውላሉ። እኔ ስመጣ ግን ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ባለመደገፊያ ወንበር ትወጣና «አንቺ ተቀመጪ» እባላለሁ። ድስት ላንሳ ብል ከእጄ ይነጥቁኛል። ልጆች ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ እዚያ ግቢ ውስጥ እንግዳ ነኝ። አንድ ቀን፣ በስህተትም ቢሆን፣ ቢያዙኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ሱሪ ለብሼ ብረት ላይ ተፈናጥጬ ካዩኝ ደግሞ ያቺ ወንበር ዕድሜ ልኬን የእኔው ሆና መቅረቷ ነው ብዬ ፈራሁ።

የሆነው በኅዳር፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ነው። እኔና የስፖርት መምህሩ ብስክሌቶቻችንን ቡና ሊጭን በሚወጣ አይሱዙ ላይ ጭነን ወደ ቱቱ ፈላ ወጣን። ጠዋቱ ብርድ ስለነበር የባለቤቴን አሮጌ ቡናማ ጃኬት ደርቤያለሁ። ያ ጃኬት የታወቀ ነው፤ ባለቤቴ እናቱ ጋ በሄደ ቁጥር እሱኑ ነው የሚለብሰው። ሌላ የለውም ወይ እስኪባል ድረስ።

ስለ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። በእጄ የነካኋቸው ግን የዚያን ቀን ነው፤ ይህን ስጽፍ ራሴ ላይ እስቃለሁ። ቁመታቸው ከእኔ የሚያጥርም የሚረዝምም አለ፤ ሣሩ ውስጥ ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዳንዶቹ ላይ ፊት ተቀርጿል፤ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ደረት ላይ የተጣጠፈ እጅ። ጥበቃው ሽማግሌ ብስክሌቴን ዞር ዞር ብለው አዩና «ይሄ ነገር ይቆማል?» አሉኝ። ፍሬኑን ይዤ አሳየኋቸው። «እሺ፤ ሲወርድም ይቆማል?» አሉ። የስፖርት መምህሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው ትክክል ነበር።

ከዚያ ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በአማቴ ደጅ ያልፋል። ዘዴዬን አዘጋጅቻለሁ። ሄልሜት አጠልቃለሁ፣ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ፣ አፍና አፍንጫዬን ለአቧራው በሻርፕ እሸፍናለሁ፤ ከዚያ እንደ ንፋስ ሽው። ማን ያውቀኛል?

ቁልቁለቱ ደስ ይላል! ግራና ቀኝ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከሁሉም በላይ ትልልቁ ዛፍ ጥላውን ጥሎበታል፤ ቤቶቹ ከውስጥ ጭሳቸው ብቻ ነው የሚታየው። ቀዩ አፈር ጠንክሮ ስለነበር ጎማው ይይዛል። የስፖርት መምህሩ ከፊት ሆኖ «ቲቸር፣ የፊት ፍሬን እንዳትነኪ!» እያለ ይጮሃል። እኔ እንደ ሕፃን እስቃለሁ። ጉልበቴን ረሳሁት።

መታጠፊያውን ስንዞር አማቴ መንገዱ ዳር፣ ቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆመው የተበላሸ ፍሬ ይለቅማሉ። ሁለት ጎረቤቶቻቸውም አብረዋቸው አሉ። ቀና አሉ። በእኛ አገር ሰው ደጅ ላይ ቆሞ እያየሽ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ቆሞ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ቡናውን መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። አልተጣራሁም፣ እጄንም አላነሳሁም። ከኋላዬ አንድ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ግን ፔዳሉን ረገጥኩ። ከታች ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበትን የሶንጎ ዛፍ አልፈን ወንዙ ድልድይ ላይ ስንደርስ ብቻ ቆምን።

«አላወቁኝም!» አልኩት እየዘለልኩ። መነጽሬን አውልቄ፣ ሻርፔን ፈትቼ ፊቴን ልታጠብ ወደ ውሃው ወረድኩ። ንፋሱና አቧራው ዓይኔን ፍም አስመስሎታል፤ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ያን ጊዜ ሦስት ጎረምሶች ከላይ እየሮጡ መጡ። የአማቴ ጎረቤቶች ልጆች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። ምንም ሳይሉ ሁለቱ ክንዴን ግራና ቀኝ ቀፍድደው ይዘው ከውሃው አራቁኝ።

«አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ» አለኝ አንዱ።

«ምን ሆናችሁ? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ዝም ብለሽ ብቻ ነይ።»

ክው አልኩ። «ምንም» እና «ዝም ብለሽ ነይ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። በእኛ ዘንድ ሞት በድንገት አይነገርም፤ ሰውየውን ይዘው፣ ደግፈው፣ ቤት አድርሰው ነው የሚያረዱት። «ባሌ ነው? ባሌ ምን ሆነ?» አልኩ። ልጁ መልስ ከመስጠት ይልቅ አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ እኔ እሪ አልኩ። ጠዋት እንቁላል ጠብሼ የሰጠሁት ሰው! ጨው በዛ ብሎ የተነጫነጨብኝ ሰው! የስፖርት መምህሩ መጀመሪያ አፉን ከፍቶ አየን፤ ቆይቶ እሱም ብስክሌቱን ጥሎ ማልቀስ ጀመረ።

እንዲህ ተያይዘን ስንላቀስ ከጎረምሶቹ ትልቁ አፍንጫውን ጠርጎ «መቼ ነው የሞተው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናንተ አይደላችሁ የምትነግሩኝ?»

«እኛማ ካንቺ ነው ያወቅነው።»

«ከእኔ? እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም። ለዚያ እኮ ነው። ያ ሰው ‹ቲቸር› እያለ ሲጮህልሽ አንቺ መሆንሽን አወቅን። ጃኬቱን ለብሰሽ፣ ፊትሽን ሸፍነሽ፣ እናቱን ሰላም ሳትዪ ወደ ሶንጎ ወረድሽ።»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። የሟችን ልብስ ደርቦ ማልቀስ ወግ ነው። መርዶ የያዘ ሰውም የሟች እናት ቤት ሰተት ብሎ አይገባም፤ ደጇን አልፎ በቅድሚያ ለሽማግሌዎች ይናገራል፤ እነሱ ናቸው ተሰብስበው የሚያረዷት። አማቴ ከመነጽርና ከሄልሜት በላይ ያዩት ይህንን ነው። ልጃቸውን ገድዬባቸዋለሁ።

ወንዙ ዳር ኔትወርክ የለም። ባሌ ይኑር አይኑር እርግጠኛ የምሆንበት ምንም ነገር የለኝም፤ የጎረምሶቹ ለቅሶ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ያንን ዳገት ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ እያለከለክሁ ወጣሁ። ጉልበቴ ትዝም አላለኝ። ከላይ የሴቶች ዋይታ ይሰማል። ግማሽ ላይ ስደርስ ስልኬ ነቃ፤ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«እናቴ አየችሽ እንዴ?» አለኝ ባለቤቴ።

በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም። ሰደብኩት። ለምን እንደሰደብኩት አልገባውም።

ግቢው ሞልቷል። አማቴ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ወገባቸውን አስረው፣ ሴቶቹ ከበዋቸዋል። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጆሯቸው ላይ ደቀንኩ። ልጃቸው በጌዴኦኛ አወራ። አማቴ መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ከዚያ ስልኩ ላይ ይጮሁ ጀመር፤ ጌዴኦኛዬ ጥቂት ቢሆንም ለምን እንደዚያ እንደሚከሳና ለምን ሳይጠይቃቸው እንደከረመ እየወቀሱት መሆኑ አልጠፋኝም። አንዲት ሴት «ጌታ ይመስገን!» ብላ እልል አለች፤ ለቅሶው ወደ ሳቅ ዞረ። የሚስቀው ሁሉ ግን እኔን ያያል።

እኔ ብስክሌቴን ይዤ ቆሜአለሁ። አማቴ ተነሱ፤ መጡ፤ ጎማውን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

«ብረት ላይ ወጣሽ» አሉ።

«አዎ እማዬ።»

«ደጄን ዘለልሽ።»

«አዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

ያ ትልቁ ጎረምሳ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «ወንዙ ጋ የላኩን እሳቸው ናቸው» አለኝ። «ልጃቸው ሞተ ብለው እያለቀሱ ‹የእኔስ ልጅ ሄዷል፤ እሷን ያዙልኝ፣ ልቧ ጠፍቷል፣ ውሃ ውስጥ ትገባለች› አሉ። እስክንሮጥ ድረስ አላስቀመጡንም።»

ባሌ በሕይወት እንዳለ እያወቅሁ ከወንዙ ዳሩ የባሰ አለቀስኩ። ልጃቸው የሞተባቸው መስሏቸው በዚያች ሰዓት ያሳሰብኳቸው እኔ ነበርኩ።

አንዷ ሴት ልጃቸው ሳለቅስ አይታኝ ወደ ቤት ገባችና ያችን ባለመደገፊያ ወንበር አወጣች። ከኋላዬ አስጠጋችልኝ። ተቀመጥኩባት።

«ምን ያስቀምጥሻል?» አሉ አማቴ።

ቀና አልኩ።

«ይሄ ሁሉ ሰው የመጣው ባንቺ ምክንያት ነው። ምን ሊበላ ነው? ተነሺ! ውሃ ቅጂ፣ ቆጮውን አውጪ፣ ጎመኑን ቀንጥሺ። ያንን ጃኬት ደግሞ አውልቂው!»

ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ጃኬቱን አውልቄ፣ ጀሪካኑን ይዤ ሮጥኩ።