የቀረሁ የመሰለኝ ቀን

ልጅ እያለሁ እሁድ እድንና ማክሰኞ ላይ እጠፋ ነበር። ጌጃ ሰፈር በነበረችው የቆርቆሮ አዳራሻችን ወንጌላዊው ስብከቱን ሲጨርስ «ጌታን የሚቀበል እጁን ያንሳ» ይላል፤ እኔም ሁልጊዜ አነሳለሁ። እናቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «አንቺ ባለፈው ተቀብለሽ የለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ተቀብያለሁ፤ ግን በመሃሉ ዋሽቻለሁ፣ ከወንድሜ ጋር ተደባድቤያለሁ፣ ጎረቤት ሄጄ ዘፈን ሰምቻለሁ። ወንጌላዊው ደግሞ ጌታ የራሱን ሰዎች ወደ ሰማይ ሊወስድ ሲመጣ እንዲህ የሚያደርግ ሁሉ ምድር ላይ ይቀራል ብሎናል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቡታጋዙ ላይ ሽሮ ይንተከተካል፣ የእናቴ ነጠላ መሬት ወድቋል፣ ሰው የለም። «እማዬ!» ብል መልስ የለም። ጌታ መጥቶ እናቴን ወስዷታል፣ እኔን ትቶኛል። ሽሮው ሲያር እየሸተተኝ እሳቱን ላጥፋ እንኳ አላልኩም፤ ዓለም ካለቀ በኋላ ለሽሮ ማን ይጨነቃል?

እያለቀስኩ ወደ እማማ አስካለ ቤት ሮጥኩ። የሰፈሩ ጸሎተኛ እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ካሉ ጌታ ገና አልመጣም ማለት ነው። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ ደነገጥኩ።

«እማማ፣ እርስዎም ቀሩ?»

መጀመሪያ ሳቁ። ነገሩ ሲገባቸው ግን ሰፌዱን አስቀምጠው አቀፉኝ። «እናትሽ ምጥ የያዛትን ጎረቤት ታክሲ ልታሳፍር ሄዳ ነው። ደግሞ በእኔ ጽድቅ ቢሆንማ ድሮ ቀርቼ ነበር፣ የኔ ልጅ። ጌታ የሞተልን እኮ ደህና ሰዎች ስለሆንን አይደለም» አሉኝ። ያን ቀን አመንኳቸው። እሁድ ስብከቱን ስሰማ ግን እጄ ብድግ አለ።

ዛሬ ሰፈሩ ፈርሷል፣ እማማ አስካለም አርፈዋል። አዳራሹ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሰፍቷል፣ ድምፅ ማጉያው በርትቷል፣ «አድርጉ፣ አታድርጉ» ማለቱ ግን ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ስብከት ሰምቼ በወጣሁ ቁጥር ስገባ ከነበርኩት የባሰ ኃጢአተኛ ሆኜ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው።

ባለፈው እሁድ ከአዳራሽ ስንመለስ ልጄ ምሳ አልበላም አለች። ምን ሆነሽ ብላት «እማ፣ እኔ እቀራለሁ አይደል?» አለችኝ።

«አትቀሪም» አልኳት፣ ሳላስብ።

«በምን አወቅሽ?»

ያን ዕለት ጠዋት እንኳ ዋሽታኛለች። ስለ እሷ ግን ቅንጣት አልተጠራጠርኩም፤ ልጄ ናታ። አቀፍኳት። ከዚያ እኔው ማልቀስ ጀመርኩ፤ ስለ ራሴ እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ አላውቅም።