አፉን ላልከፈተ ሰው አስተርጓሚ

ባለፈው እሁድ ሁለቱ ልጆቼ በአንድ የጃፓን ፊልም የተነሳ ቤቱን አመሱት። ፊልሙ የወንጀል ነው፤ ሰው ይገደልበታል፣ ግን ማንም አይጮኽም። ሜሮን "እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም" ስትል፣ ታላቅ ወንድሟ "እኔም እንዲህ የሚያስተኛ አይቼ አላውቅም" ይላል። መስማማት ሲያቅታቸው "አባዬ፣ አንተ ፍረድ" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ሳቄ መጥቶብኝ መናገር አቃተኝ። በወጣትነቴ ሐረር ውስጥ በዚሁ ጠብ ሥራዬን ላጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ማትሪክ የወደቅኩበት ዓመት ነው። ከሁሉም የባሰው ውጤቴ እንግሊዝኛ ነበር። ዛሬ ስናገረው አያሳፍረኝም፤ ያኔ ግን እናቴ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ወሬውን ወደ ዝናብ ታዞረው ነበር። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ በዚያው የቀረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ሲገባ "ዛሬስ የት ዋልክ?" ይለኛል፣ መልሱን ሳይጠብቅ ኮቱን ያወልቃል። እኔን የሚቆረጥመኝ መልሱን አለመጠበቁ ነበር።

በዚህ መሃል አቦከር ሰፈር ውስጥ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ባልቴት ሳሎናቸውን ቪዲዮ ቤት አደረጉት። "እንግሊዝኛ አውቃለሁ" ብዬ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሥራው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ጮክ ብሎ በአማርኛ መናገር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጽሑፉ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ቃል ካነበብኩ ቀኑ ቀንቶኛል ማለት ነው። የማየው የተዋናዩን ፊት ነበር። ሲቆጣ እሳደባለሁ፣ ሲያለቅስ እናቱን እገድላለሁ። በህንድና በካራቴ ፊልም ማንም አልነቃብኝም። ስምንት ወር ሙሉ፣ መንገድ ላይ ሳልፍ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ "አስተርጓሚው፣ ደህና ዋልክ?" ይሉኛል። ፈተና ለወደቀ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ቪዲዮ ቤቱ ሁለት ወገን ነበረው። በግራ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው የሚገቡ ትልልቅ ሰዎች፤ በቀኝ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ኪሳቸውን ኦቾሎኒ የሞሉ ተማሪዎች። የምንጣፉ ሰዎች ሲገቡ ይንጫጫሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ግን ምርቃናው ይይዛቸውና ዝም ይላሉ። ተማሪዎቹ በተቃራኒው ሲገቡ ጭምቶች ናቸው፣ እየቆዩ ይብሳሉ። የምንጣፉ አለቃ በጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚነግዱት ሽማግሌው አው ሸሪፍ ነበሩ፤ ሐረር ላይ ትልቅ ሰው "አው" ተብሎ ይጠራል።

ያን ሰሞን አንድ ሹፌር ከድሬዳዋ ካሴት አመጣ። እትዬ ዘውዴ ሽፋኑ ላይ ጃፓናዊ ሲያዩ ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ጥቁር ሰሌዳቸው ላይ "ዛሬ! የጃፓን ካራቴ!" ብለው ጻፉ። ከዚያ ጠሩኝ። ባለፈው ሳምንት ካሴት ተበላሽቶ ተማሪዎቹ ሁለት ወንበር ሰብረውባቸዋል።

"ስማ፣ ዛሬ ረብሻ ከተነሳ ተሾመን ነው የማስገባው። በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ነው አሉ።"

ተሾመን አውቀዋለሁ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣል። እሱ በርጩማዬ ላይ ወጥቶ እውነተኛውን ነገር ማንበብ ከጀመረ፣ የስምንት ወር ውሸቴ በአንድ ከሰዓት ይጋለጣል።

ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ያረጀ ወንበዴ ባሕር ዳር ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ይልጣል፣ ይልጣል፣ አያልቅም። እኔ ጭንቅ ውስጥ ገባሁ፤ የምተረጉመው የለማ!

"እህቴን የገደለውን ሰው ሳላገኝ አልተኛም!" አልኩ ድምፄን አጎርንኜ።

"አፉን መቼ ከፈተና ነው?" አለ ተሾመ።

"በሆዱ ነው የሚያወራው።"

አግዳሚው በሳቅ ፈነዳ። በዚህ ጊዜ ወንበዴው ብርቱካኑን አስቀመጠ፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው በሽጉጥ መታው፣ እጁን በመሐረብ ጠረገና ወደ ብርቱካኑ ተመለሰ። ቤቱ ክው አለ። ከዚያ ተማሪዎቹ "ካራቴው የታለ? ሰሌዳው ላይ ካራቴ ይላል!" ብለው ወንበሩን መደብደብ ጀመሩ። እትዬ ዘውዴ ለተመልካቹ ሳምቡሳ የሚጠብሱበትን ጭልፋ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። እኔ የባሰ አወራሁ። ለወንበዴው ዕዳና ምች ጨመርኩለት፣ ሚስትም ዳርኩለት።

ከምንጣፉ በኩል አው ሸሪፍ ቀና አሉ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ ምንጣፉ ሁሉ ዓይኑን ብርቱካኑ ላይ ተክሏል።

"አንተ ልጅ፣ ወላሂ ዝም በል! ሰውዬው እያሰበ ነው።"

"ቃል በቃል ይተርጉምልን እንጂ!" አለ ተሾመ ተነስቶ።

"ዝም ይበል!" አለ ምንጣፉ።

"ይናገር!" አለ አግዳሚው።

እትዬ ዘውዴ እኔን ብቻ ያያሉ። ያን ጊዜ ወንበዴው ሊገድለው ከሚፈልገው ሌላ ሽማግሌ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣ ጀመር። ከሥር ምንም ጽሑፍ የለም። ሁለቱም የሚመጣውን ያውቃሉ፣ ሁለቱም ይጠጣሉ። ፊታቸውን አየሁ፤ ቁጣ የለም፣ ለቅሶ የለም። እኔም ደክሞኝ ነበር።

"ተርጉም!" አለ ተሾመ።

"ምንም አላሉም" አልኩ።

ተማሪዎቹ እያፏጩ ተነስተው ወጡ፤ ወንበር ግን አልሰበሩም፣ ሳምቡሳ በቅናሽ ተሰጣቸው። ምንጣፉ እስከ መጨረሻው ሳይነቃነቅ አየና "ነገም ይደገም" አለ። እትዬ ዘውዴ ጭልፋውን እያወዛወዙ ፈረዱ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከሰዓት የምንጣፉ ፊልም ይታያል፣ እኔም በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ አስተረጉማለሁ።

አመሻሹ ላይ አው ሸሪፍን ወደ ኤረር በር ሸኘኋቸው። ጊሽጣ የሚሸጡት ሴቶች ዘንቢላቸውን እየሰበሰቡ ነበር፤ መንገዱ የበሰለ ጊሽጣ ይሸታል። ድንገት ቆሙና፣

"ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ተረጎምክ" አሉኝ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"እኔ ኤደን ወደብ አሥራ አንድ ዓመት የእንግሊዞች መደብር ጸሐፊ ነበርኩ። ከሥር የሚጻፈውን አንድ ሳይቀር አነባለሁ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስምንት ወር! "ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው በስንት ጭንቅ።

"ያንተው ይሻል ነበራ። የዚያን ህንዳዊ እናት ሦስት ጊዜ ገደልካት፤ ወላሂ፣ ሦስቴም አለቀስኩ።" ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። "ያ ተሾመ ግን አንድ ቀን ያነብብሃል። እሱ ሳያነብ አንተ አንብብ። ነገ ጠዋት ሱቅ ና።"

ሄድኩ። በበርበሬና በእርድ ጆንያ መሃል፣ በአሮጌ የጭነት ደብዳቤ ላይ፣ ጣታቸውን እያስከተሉ እንግሊዝኛ አስተማሩኝ። በቀጣዩ ዓመት ማትሪክ አለፍኩ። ማንበብ ስችል ያወቅኩት ነገር ቢኖር፣ አብዛኞቹ ፊልሞች እኔ ከምላቸው ያነሰ ነገር እንደሚናገሩ ነው። አው ሸሪፍ እስኪሞቱ ድረስ ምስጢሬን ለእትዬ ዘውዴም ለማንም አልነገሩም።

ልጆቼ ይህን ሰምተው እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ከዚያ "ፍርዱስ?" አሉ። ምን እፈርዳለሁ? ጠባቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ሳቄ ቶሎ ጠፋ። በኋላ እኔም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ፣ በዚያው ጡረታ ወጣሁ። አንድ ልጅ ቆሞ ሲያነብ ቃል ሲሳሳት፣ ቶሎ ብዬ በክፍሉ ፊት አርመው ነበር፤ ክፍሉ ይስቃል፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ እኔም ሥራዬን የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ስንቶቹ ከዚያ በኋላ እጃቸውን አላወጡም? አው ሸሪፍ እኔን ስምንት ወር ታገሡኝ፤ እኔ ግን አንዱንም ልጅ አንድ ደቂቃ አልታገሥኩም።