ወርቁን ያነጣው ጭስ

ንጉሡ ገና አንኮበር በነበሩበት ዘመን፣ ከቤተ መንግሥቱ ጉብታ በታች ካሉት የአንጥረኛ ቤቶች አንዱ የእኛ ነበር። አማቴ በወርቅ ልብጥ ሥራ የታወቁ ሰው ነበሩ። የብር መስቀል፣ የጋሻ ጌጥ፣ የኮርቻ ፈርጥ ይመጣላቸዋል፤ እሳቸው ወርቅ አልብሰው ይመልሱታል። ባሌ ልጃቸው ሲሆን ሥራው መቅረጽ ነበር። ከብር ላይ ሐረግ ሲያወጣ ትንፋሹን ይዞ ነው፤ የሚያየውም ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። እኔ ከመዘዞ በኩል የመጣሁ የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። ወርቁን ከባዜቃ ጋር ማሸትና ያለቀውን ዕቃ መወልወል የእኔ ድርሻ ነበር።

ባዜቃ ያ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ እንደ ብር የሚያበራ ነገር ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ በነጋዴ ግመል አልዩ አምባ ገበያ ይደርሳል። ወርቅ ቀጥቅጠው ሲጨምሩበት ይውጠውና ሁለቱ ተዋህደው እንደ ቅቤ ይለሰልሳሉ። ያን ቅቤ ዕቃው ላይ ይቀቡና ፍም ላይ ያደርጉታል። ባዜቃው በጭስ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ሙያው ይኸው ነው። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔ እስክጠይቅ ድረስ።

ባሌ መታመም የጀመረው ሴት ልጃችን በተወለደች በሁለተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ ምግብ አልጥምህ አለው። «አፌ መዳብ መዳብ ይለኛል» ይል ነበር። ቀጥሎ ድዱ አበጠ፣ ለሃጩም እንደ ሕፃን ይወርድ ጀመር። ከሁሉ የከፋው የእጁ ነገር ነበር። መቅረጫውን ሲያነሳ ጣቶቹ እንደ ቅጠል ይርገበገባሉ። ያ ዝምተኛ ሰው ቁጡ ሆነ፤ ቆሎ ስቆረጥም እንኳ ይጮህብኛል፤ ከዚያ ደግሞ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል።

ጎረቤቱ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። የአንጥረኛ ቤት ስለሆንን ድሮውንም ቡዳ ናቸው እየተባለ በጎን እንታይ ነበር። አሁን ደግሞ «እርስ በርሳቸው ተበላሉ» ተባለ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ፈቀቅ ይሉልኝ ነበር።

ጠበል ወሰድኩት። ቆላው አፋፍ ላይ ያለ ጠበል ነው፤ ሁለት ሱባኤ ተቀመጥን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባሌ ዳነ ለማለት ምንም አልቀረውም። ለሃጩ ቆመ፣ እንቅልፍ ወሰደው፣ ከእኔ ጋር ሳቀ። ደስ ብሎን ተመለስን። ሥራ ጀምሮ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው እጁ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አማቴ «ጾሙን ሽሮ ይሆናል» አሉ።

ጾሙን እንዳልሻረ እኔ አውቃለሁ፤ አብሬው ነበርኩ። ጠበሉን አላማሁትም፤ ጠበሉ ሥራውን ሠርቷል። ዳግመኛ ያሳመመው ቤታችን ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን እንደ ሌባ እከታተለው ጀመር።

ባዜቃ የሚያመጣልን ነጋዴ የአልዩ አምባ ሰው ነበር፤ እስላም ነው፣ ጨዋ ሰው፣ ከአማቴ ጋር የረጅም ጊዜ ወዳጅነት ነበራቸው። አንድ ቀን መጥቶ ባሌን ሲያይ ደነገጠ። አማቴ ወጣ ሲሉ ጠብቄ ጠየቅሁት።

«እንዲህ ያለ በሽታ አይተው ያውቃሉ?»

«አይቻለሁ፣ እህቴ። ግን በሽታ አይደለም፤ መድኃኒት ነው» አለኝ።

«እንዴት ያለ መድኃኒት?»

«በባሕሩ ዳር ባሉ አገሮች ቂጥኝ የያዘውን ሰው በባዜቃ ጭስ ያጥኑታል። ያኔ ምራቁ ይወርዳል፣ ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል። ሲበዛበት እጁ ይንቀጠቀጣል። ወላሂ፣ ባልሽን ሳየው የታጠነ ሰው ነው የመሰለኝ።»

ያን ቀን የነጋዴውን ቃል ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ባሌ ባዜቃ ነክቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ በመዳፌ የማሸው እኔ ነኝ። ነገሩ ባዜቃው ከሆነ መንቀጥቀጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን አልፎ አልፎ ራሴን ያመኛል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም።

መልሱን ያገኘሁት በአንድ መስቀል ምክንያት ነው። ባሌ ቀርጾት፣ አማቴ ለብጠውት፣ እኔ ወልውዬው፣ ዕቃ ወሳጁ እስኪመጣ ድረስ ከኋላው ግድግዳ ላይ፣ ከባሌ መቀመጫ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ሲወርድ ፊቱ ገርጥቶ ተገኘ። ወርቁ ነጣ ብሏል።

አማቴ ባሌን ይቆጡት ጀመር። «በዚህ በተንቀጠቀጠ እጅህ ምን አስነካኸው?»

«እኔ አልነካሁትም፣ አባባ።»

«ታዲያ ወርቅ ብቻውን ይነጣል?»

ወርቅን የሚያነጣ አንድ ነገር ብቻ እንዳለ ሦስታችንም እናውቃለን። ባዜቃ የነካው ወርቅ ይነጣል። ግን ባዜቃው በእግሩ ሄዶ ግድግዳ ላይ አይወጣም። በጭስ ካልሆነ በቀር።

ቤታችን አንድ በር ብቻ ነበረው። በሩ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ነው የሚያየው። ወርቅ ስለሚሠራበት መስኮት አልተበጀለትም። አንኮበርን የሚያውቅ ያውቃል፤ ረፋዱ ላይ ከቆላው ነፋስ ይወጣል። ያ ነፋስ በበራችን ገብቶ፣ አማቴ የሚለብጡበትን የመሀል ቤቱን ምድጃ ጭስ ይዞ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ የምቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። ባሌ ከኋላው ጥግ። ከእሱ ጀርባ ካለው የሸንበቆ ግርዶሽ ወዲያ ደግሞ ልጃችን ትተኛለች።

ይህን ለአማቴ በአፍ ብነግራቸው እንደማይሰሙኝ አውቄ ነበር። ሙያውን ከአባታቸው ነው የወረሱት፤ እኔ ደግሞ ትናንት የገባሁ ምራት ነኝ። ስለዚህ እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን አንዲት የወርቅ ፍሬ አወጣሁ። አሳዝናኛለች፤ አልዋሽም። በመዶሻ ቀጥቅጬ እንደ ቅጠል አሳሳኋትና አራት ቦታ ቆረጥኳት። እያንዳንዷን በፈረስ ጭራ አንጠለጠልኩ፤ አንዷን በሩ ላይ፣ አንዷን ከምድጃው ጎን፣ አንዷን ከባሌ ራስ በላይ፣ አራተኛዋን ከልጄ መኝታ አጠገብ። አማቴ «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ስለት ነው» አልኳቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የጋሻ ጌጥ ብዙ ስለመጣ ያን ሳምንት በየቀኑ ልብጥ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ አራቱንም አውርጄ በጥቁር ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። የበሩ እንደነበረች ናት። የምድጃው ጎን ገርጥታለች። ከባሌ ራስ በላይ የነበረችው እንደ ወተት ነጥታለች። አራተኛዋን ለማየት ፈራሁ። ጠርዟ ነጥቶ ነበር።

ጨርቁን ይዤ አማቴ ፊት ተንበረከክኩ።

«አባባ፣ ስለቱ ውሸት ነበር። ይህን ይመልከቱልኝ።» የትኛዋ የት እንደነበረች አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

በጣም የነጣችውን በጉጠት አንስተው ወደ ደጅ ወጡ፤ ፍም አስመጥተው ፊታቸውን መልሰው ፍሙ ላይ ያዟት። ጥቂት ቆየችና ተመልሳ ቢጫ ሆነች። ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ባዜቃ ነው» አሉ። ከዚያ ጉጠቱን ሲያስቀምጡ እጃቸውን አየሁት። የእሳቸውም ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንት ጊዜ ከነጠላቸው ሥር ደብቀውት ኖሯል!

«ልጅቷ ጋም ደርሷል ነው የምትይኝ?»

«ደርሷል፣ አባባ።»

«በይ ምድጃውን አፍርሱት።»

በማግስቱ ከቤቱ ወጣ ብሎ አፋፉ ላይ፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ተከልን። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልብጥ የሚሠራ ሰው ነፋሱን ከጀርባው ያደርጋል፤ ጭሱ ባለበት ወገን ሰው አይቀመጥም፤ ባዜቃ በነካ እጅ አይበላም። እኔም ከዚያ ወዲያ በመዳፌ ማሸቴን ትቼ በፍየል ሌጦ ማሸት ጀመርኩ። ዛሬ ያልጎዳኝ ነገ አይጎዳኝም የሚል ዋስትና ማንም አልሰጠኝም።

ችግር የመጣው ከግቢ ነው። የአንጥረኞቹ አዛዥ በበቅሎ ሲያልፍ የንጉሥ ወርቅ ሜዳ ላይ ሲሠራ አይቶ በቁጣ ወረደ።

«አንቱ ሽማግሌ፣ አብደዋል? የጌታን ወርቅ አላፊ አግዳሚው እያየው?»

አማቴ ተነሥተው እጅ ነሡ። «ጌታዬ፣ ወርቁን ዘበኛ ይጠብቀዋል። ሰውን ግን ከጭስ የሚጠብቅ ዘበኛ የለም።»

«የምን ጭስ?»

«ምራቴ ታስረዳዎት። ያገኘችው እሷ ናት።»

አንጥረኛ ሰው፣ ያውም ሴት፣ በአዛዥ ፊት እንዲህ ተብላ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። የወርቅ ቅጠሎቹን አሳየሁት። የጠበሉን፣ የነጋዴውን፣ የነፋሱን ነገር በተራ ነገርኩት። እሱም ሰምቶ ሲያበቃ ጠርዙ የነጣውን ቅጠል ወደ ብርሃን አነሣና አገላበጠው። ከዚያ ባሌን ጠርቶ «እጅህን ዘርጋ» አለው። ባሌ ዘረጋ። አዛዡ የሚንቀጠቀጡትን ጣቶች ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«ይህ መስቀሉን የቀረጸው እጅ ነው?»

«ነው፣ ጌታዬ።»

«ሁለት ዘበኛ ይጨመርላችሁ» አለና በበቅሎው ሄደ።

ባሌ ለመዳን አንድ ክረምትና አንድ በጋ ፈጀበት። በመጀመሪያ ለሃጩ ቆመ፤ ከዚያ ቁጣው በረደ። እጁ መጨረሻ ላይ ነው የተመለሰለት። መጀመሪያ ወፍራም ሐረግ፣ ከዚያ ቀጭን ሐረግ እያለ አንድ ቀን የመላእክት ዓይን ቀርጾ አሳየኝ፤ ሽፋሽፍቱ እንኳ አልቀረም ነበር። የአማቴ እጅ ግን እስኪሞቱ አልተመለሰም። ጭሱን ብዙ ዘመን ጠጥተውታል። ውሃ እንኳ እኔ ነበርኩ የማጠጣቸው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ነገሩን የሚያወሩት እሳቸው ነበሩ። ቅጠሎቹንም እኔ ሳልሆን እሳቸው ነበሩ የሚያሳዩት።

ወሬው ደብረ ብርሃን ደረሰ። እዚያ ያለ አንድ አንጥረኛ ሚስቱን ልኮ አስጠራኝ፤ ሄጄም ቤቱን አየሁለት። የእሱ ቤት ከእኛም የባሰ ነበር። ግድግዳውን ሲያስፈርስ ቆሜ አየሁ። ውሃ ስቀዳ ፈቀቅ ይሉልኝ ከነበሩት ሴቶች አንዷም ሸማኔ ባሏ ያስለዋልና ቤቴን እዪልኝ ብላ መጣች። የሸማኔን ነገር አላውቅም አልኳት፤ ግን ሄጄ በሩን፣ ነፋሱንና መቀመጫውን አየሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲዞር አንጥረኞችም እንድንከተል ታዘዝን። ከተራራው ስንደርስ ለሥራ ቤት የሚሆነው ሜዳ ሁሉ ገና ባዶ ነበር። አንዱ ውሃ የሚቀርብበትን፣ ሌላው ለግቢው የሚቀርበውን ስፍራ ይመርጣል። ያው አዛዥ መጣና ድንኳን ሊተክሉ የተሰበሰቡትን ሁሉ አስቆመ።

«የልብጡን ዳስ ቦታ እሷ ትምረጥ» አለ።

ወንዶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። እኔም አፈር ዘግኜ ወደ ላይ በተንኩና አቧራው ወዴት እንደሚሄድ ቆሜ አየሁ።